ብቻውን የዳነ ሰው የለም

ሥነ ጽሑፍ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የምናብ ጨዋታ አይደለም። ደራሲ በየትኛውም አገርና ዘመን ይኑር፣ ብዕሩን ሲያነሣ ያደገበት መደብ፣ የኖረበት የምርት ግንኙነትና የሚሟገትለት ጥቅም አብረውት ይነሣሉ። ይህ ሐቅ ጎልቶ ከሚታይባቸው የድርሰት ዘርፎች አንዱ፣ ሰው ከሞት ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ በሕይወት ለመትረፍ የሚያደርገውን ትግል የሚተርከው ነው። መርከቡ የተሰበረችበት ባሕረኛ፣ በበረዶ ምድር ስንቁ ያለቀበት ወርቅ ፈላጊ፣ አውሮፕላኑ በጠላት ይዞታ የወደቀችበት ተዋጊ የዚህ ዘርፍ የታወቁ ገጸ ባሕርያት ናቸው።

እነዚህ መጻሕፍት በሠርቶ አደሩ ዘንድ የሚወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ረኃብን፣ ብርድን፣ ድካምንና የነገን ስጋት ሠርቶ አደሩ በወሬ ሳይሆን በገዛ አካሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህም መከራ የደረሰበትን ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀምሮ እንደ ወንድሙ ያየዋል። ጥያቄው የሚነሣው መጽሐፉን ካጠፈ በኋላ ነው። ከንባቡ ይዞት የሚነሣው ትምህርት ምንድን ነው?

የከበርቴው ዓለም ሃያስያን የሚሰጡት መልስ የተለመደ ነው። ጀግናው ብቻውን ታገለ፣ ብቻውን አሸነፈ፤ አንተም ብቻህን ታገል ይላሉ። ይህ ምክር ሲሰሙት ያማረ ቢመስልም በውስጡ መርዝ አለበት። ብቻውን የወጣ ሁሉ ጀግና ከሆነ፣ ያልወጣው ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት ነውና። ፋብሪካው ተዘግቶበት ሥራ ያጣ ሠራተኛ፣ የቤት ኪራይ የከበዳት እናት፣ መታከሚያ ያጣ አዛውንት ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዲያዩ፣ የመከራቸውን ምንጭ እንዳይመረምሩ፣ ከጎረቤታቸውም ጋር ከመመካከር ይልቅ በእፍረት በር ዘግተው እንዲቀመጡ ያደርጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የገነነ ጥቂት ድርሰቶችን በመመርመር፣ ድርሰቶቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ተቃራኒውን መሆኑን ማሳየት ነው።

የሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጻሕፍት በድርሰት ውስጥ ያለውን ግጭት በሦስት ይከፍሉታል፤ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከሰው፣ ሰው ከራሱ ጋር። ክፍፍሉ ለጀማሪ አንባቢ ይጠቅማል። ነገር ግን በሕይወት ውስጥ ሦስቱ ተነጣጥለው አይመጡም። ባሕሩ ሲናወጥ የተፈጥሮ ኃይል ነው፤ መርከቧ በዚያ ባሕር ላይ ምን ልትጭን እንደወጣች ሲጠየቅ ግን የሰው ልጅ ታሪክ ይገባበታል።

የሮቢንሰን ሣጥን

እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ ‹ሮቢንሰን ክሩሶ› የተባለውን ድርሰት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1719 ነው። ወቅቱ የእንግሊዝ ነጋዴ መደብ በመርከብና በባሪያ ንግድ ዓለምን በመዳፉ ለማስገባት የሚራወጥበት ነበር። ሮቢንሰን የዮርክ ከተማ ተወላጅ ነው። ድርሰቱ እንደሚተርከው በ1659 መርከቧ በማዕበል ተመትታ ባልደረቦቹ ሁሉ ሲያልቁ፣ እርሱ ብቻ ሰው ወደሌለባት ደሴት ይጣላል፤ በዚያም 28 ዓመት ይኖራል። መጠለያ ይሠራል፣ ፍየል ያረባል፣ ገብስ ይዘራል፣ ሸክላ ይጠፈጥፋል፣ ቀኑን በእንጨት ላይ ምልክት እየቀረጸ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ የመጡ የከበርቴው የኢኮኖሚ መምህራን ይህን ሰው በራሱ ጥረት ብቻ ለቆመ ግለሰብ ምሳሌ አድርገው ደጋግመው ጠቅሰውታል።

መጽሐፉን በጥሞና የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ሮቢንሰን ኑሮውን ባዶ እጁን አልጀመረም። ወደ ተሰበረችው መርከብ ደጋግሞ እየተመላለሰ የአናጢ መሣሪያ ሣጥን፣ መጥረቢያ፣ ምስማር፣ ሸራ፣ ገመድ፣ ጠመንጃና ባሩድ፣ ዳቦና ሩዝ አውርዷል። መጥረቢያውን የቀጠቀጠው አንጥረኛ፣ ሸራውን የሠራው ሸማኔ፣ ባሩዱን የቀመመው ሠራተኛ በደሴቲቱ ላይ በአካል አልነበሩም፤ ላባቸው ግን ነበር። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የ‹ካፒታል› የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ሮቢንሰንን ያነሣው በዚህ መንፈስ ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ለሮቢንሰን ተረት ያላቸውን ፍቅር ከታዘበ በኋላ፣ ይህ ሰው ሰዓቱን፣ መዝገቡን፣ ቀለሙንና ብዕሩን ከመርከቡ አትርፎ እንደ ሁነኛ እንግሊዛዊ ወዲያው ሒሳብ መያዝ መጀመሩን ያመለክታል። ሮቢንሰን ደሴቲቱ ላይ ብቻውን የቆመ ይምሰል እንጂ አንድ ሙሉ ኅብረተሰብ ተሸክሞ ነው የገባው።

ዴፎ ራሱም፣ የነጋዴ ወገን ቢሆንም፣ ስለ ሥራ የሚያውቀውን አልደበቀም። ሮቢንሰን ለዋሻው መደርደሪያ የሚሆን አንድ ሳንቃ ለማውጣት 42 ቀን እንደፈጀበት ይናገራል። ቀጥሎም ሁለት ጣውላ ሰንጣቂዎች ተገቢው መጋዝና ቦታ ቢኖራቸው ከዚያው ግንድ በግማሽ ቀን ስድስት ሳንቃ ያወጡ እንደነበር ያምናል። እንጨት የሰነጠቀ ሠራተኛ ይህን ስሌት ከማንም በላይ ያስተውለዋል። የብቸኝነት ዋጋ እዚህ ላይ በቁጥር ተሰልቶ ተቀምጧል። ሮቢንሰን ይህ ብቻ አልበቃ ብሎት ከደሴቲቱ ማምለጫ የሚሆን ትልቅ ጀልባ ለወራት ከግንድ ፈልፍሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ብቻውን ገፍቶ ወደ ውኃው ሊያደርሳት ሳይችል ባለችበት ቀርታለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን የአገራችንን አነጋገር ደራሲው አልሰማውም፤ እውነቱን ግን ጽፎታል።

ለድርሰቱ መነሻ እንደሆነ የሚነገርለት የእውነተኛ ሰው ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1704 ዛሬ በቺሊ ግዛት ሥር ባለች አንዲት ደሴት ላይ ብቻውን ቀርቶ፣ ከአራት ዓመት ከአራት ወር በኋላ በ1709 ሌሎች መርከበኞች አገኙት። አካሉ ጠንካራ ነበር፤ ፍየል በእግሩ ሮጦ እስከ መያዝ ደርሷል። ንግግሩ ግን በመዘንጋት ብዛት ተቆራርጦ፣ ያገኙት ሰዎች የሚለውን በጭንቅ ይረዱት እንደነበር የመርከቧ አዛዥ ዉድስ ሮጀርስ ጽፏል። የልቦለዱ ሰው ከ28 ዓመት በኋላ አንደበቱ ሳይሰናከል ሲወጣ፣ እውነተኛው ሰው በአራት ዓመት ቋንቋውን ሊያጣ ተቃረበ። ቋንቋ የኅብረተሰብ ሀብት ነው፤ የሚያነጋግሩት ሰው ሲጠፋ ይሸረሸራል።

ሮቢንሰን ወደዚህ መከራ የገባው እንዴት ነው? ከብራዚል ተነሥቶ ለእርሱና ለመሰሎቹ እርሻ ባሪያ ሊያመጣ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ሲጓዝ ነው። ከዚያም በፊት ራሱ በሰሜን አፍሪካ በባርነት ተይዞ ሳለ፣ አብሮት ያመለጠውንና በጉዞው ሁሉ የረዳውን ዙሪ የተባለ ልጅ ለአንድ የመርከብ አዛዥ በ60 ብር ሸጦታል። ደሴቲቱ ላይ ከሞት ያዳነውን የአገሬውን ወጣት ስምህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀውም፤ በተገናኙበት ቀን ስም ‹ዓርብ› ብሎ ሰየመው። ገና ቋንቋ ሳያስተምረው ‹ጌታዬ› ማለትን አስተማረው። ፍሪድሪኽ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1878 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው ‹ፀረ ዱህሪንግ› ላይ፣ ሮቢንሰን ዓርብን በጎራዴ አስገድዶ ገዛው ለሚሉት፣ ጎራዴውስ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ አቅርቧል። ሮቢንሰን በመጨረሻ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአምስት ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብና በብራዚል ያለ እርሻ ይጠብቀዋል። እርሱ በደሴቲቱ ላይ ‹ብቻዬን ነኝ› እያለ ሲያለቅስ በነበረበት ዘመን ሁሉ ሌሎች ሰዎች ለእርሱ ሲያርሱ ኖረዋል ማለት ነው። እኛ አፍሪካውያን አንባቢዎች ይህን መጽሐፍ ስናነብ ዓይናችንን ከደሴቲቱ ወደዚያ እርሻ ማዞር ይገባናል።

67 ክብሪትና አንድ ከረጢት ወርቅ

አሜሪካዊው ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1876 ተወለደ። በልጅነቱ ምግብ በቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ ለረዥም ሰዓት ሠርቷል፤ መርከበኛም ሆኗል፤ በ1897 ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን ካናዳ ከጎረፉት ሰዎች አንዱ ሆኖ ያለ ወርቅ ተመልሷል። ከ1896 ጀምሮም በአገሩ የሶሻሊስት ንቅናቄ ተሳታፊ ነበር። ‹የሕይወት ፍቅር› የተባለው አጭር ልቦለዱ በ1905 ወጣ።

ሁለት ወርቅ ፈላጊዎች የለፉበትን ወርቅ ተሸክመው በረኃብ ደክመው ይጓዛሉ። አንደኛው ወንዝ ሲሻገሩ ቁርጭምጭሚቱ ይወለምና ጓደኛውን ቢልን ይጣራል። ቢል ዞር ብሎ ሳያየው ኮረብታውን አልፎ ይሄዳል። የድርሰቱ ዋና ቅራኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብርዱና ረኃቡ አስቀድሞም ነበሩ፣ ሞትን ያቀረበው ግን የጓደኛው ክህደት ነው። ስሙ የማይነገረው ይህ ሰው ያለውን 67 ክብሪት አንድ በአንድ ቆጥሮ በሦስት ቦታ ይደብቃል። ጠመንጃ አለው፤ ጥይት ግን የለውም። እየዳኸ ሲሄድ ወርቁ ይከብደዋል። መጀመሪያ ግማሹን ይደብቃል፤ ሲብስበት ከቀረው ግማሹን መሬት ላይ ያፈሳል፤ በመጨረሻ ሁሉንም ጥሎት ይሄዳል። የታመመ ተኩላ ሞቱን እየጠበቀ ይከተለዋል።

ከብዙ ቀን በኋላ በተኩላዎች የተበላ የሰው አጥንትና አጠገቡ አንድ ከረጢት ወርቅ ያገኛል። ቢል ነው። ጓደኛውን የጣለው ቢል ወርቁን ግን እስከ መጨረሻው አልጣለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንደሚባለው ማለት ነው። የተረፈው ሰው ወርቁንም ሳይነካ፣ ከአጥንቱም ሳይቀምስ ያልፋል። ሰውነቱ ወደ እንስሳነት ቢያዘቅዝም በውስጡ የቀረው ሰብዓዊነት በዚህ ላይ ይታያል።

በመጨረሻ ተኩላውን በጥርሱ አንቆ ይገድለዋል። ይህን ክፍል ብቻ የሚያስታውሱ ሃያስያን ታሪኩን የግለሰብ ድል አድርገው ያቀርቡታል። ድርሰቱ ግን እዚያ አያበቃም። በባሕሩ ዳርቻ ያለፈች የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ሰዎች ምንነቱን ያልለዩት ነገር በአሸዋ ላይ ሲንፏቀቅ አይተው በጀልባ ወርደው ያነሡታል። መርከቧ ባታልፍ፣ ሰዎቹም ቢል ባደረገው መንገድ ዓይናቸውን ቢመልሱ ኖሮ የተኩላው ደም አያድነውም ነበር። ከዳነም በኋላ ከመርከበኞቹ ብስኩት እየለመነ በፍራሹ ሥር ይደብቃል። ረኃብ አካልን ከለቀቀ በኋላም በአእምሮ ውስጥ እንደሚቆይ ለንደን በዚህ አስተማማኝ ምልከታ አሳይቷል።

የዚህ ድርሰት ስም ከሌኒን የመጨረሻ ቀናት ጋር ተያይዟል። ባለቤቱ ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በትዝታዋ እንደገለጸችው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1924 ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት ‹የሕይወት ፍቅር›ን አንብባለት በጣም ወዶታል። በማግሥቱ የዚያኑ ደራሲ ሌላ ታሪክ አነበበችለት፤ የጫነውን እህል በጥሩ ዋጋ እንደሚሸጥ ለባለ መርከቡ ቃል ገብቶ ቃሉን ለመጠበቅ ሕይወቱን ስለሚሠዋ የመርከብ አዛዥ የተጻፈ ነው። ሌኒን ሳቀና እጁን አወዛወዘ ትላለች። አንድ ደራሲ፣ ሁለት ጽናት! አንዱ ሕይወትን ለማዳን፣ ሌላው የሌላውን ሰው ትርፍ ለማዳን። ጽናት በራሱ ባዶ ቃል ነው፤ ለምንና ለማን የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ብቻ ሚዛን ይደፋል።

ለንደን በ1908 ያወጣው ‹እሳት ማንደድ› የተባለው ታሪክም ከዚህ ጋር አብሮ ሊነበብ የሚገባው ነው። የዚህ ጸሐፊ ዓይን ለትምህርት በቆየበት ቀዝቃዛ አገር እንዳየው፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን እንኳ እስትንፋስ በጢም ላይ ይረጋል። በለንደን ታሪክ ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። በዚያ ምድር የኖረ አንድ ሽማግሌ፣ እንዲህ ባለ ብርድ ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም ብሎ መክሮታል። ተጓዡ በሽማግሌው ይስቃል። እግሩ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ያነደደውን እሳት ከዛፍ የተናደ በረዶ ያጠፋዋል፤ የደነዘዙት ጣቶቹ ክብሪት መያዝ ያቅታቸዋል፤ 70 ክብሪት በአንድ ጊዜ ቢለኩስም አያድነውም። ከጎኑ ጣቱ ያልደነዘዘ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ክብሪት ይበቃ ነበር። የሽማግሌው ምክር የአንድ ሰው ፍርሃት ሳይሆን በብዙ ሰው ሞት የተገዛ የጋራ እውቀት መሆኑን ተጓዡ የተረዳው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

18 ቀንና አንዲት ዶሮ

ሦስተኛው ምሳሌያችን ከሶቪየት ሥነ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። የ‹ፕራቭዳ› የጦር ግንባር ዘጋቢ የነበረው ቦሪስ ፖሌቮይ ‹የእውነተኛ ሰው ታሪክ›ን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተመ። መነሻው በእርግጥ የኖረ ሰው ነው፤ ስሙ አሌክሴይ ማሬስዬቭ ሲሆን በድርሰቱ ውስጥ በአንድ ፊደል ለውጥ ሜሬስዬቭ ተብሏል። በሚያዝያ 1942 ተዋጊ አውሮፕላኑ ተመትታ በደን ውስጥ ወደቀች። እግሮቹ ተጎድተው 18 ቀን በእንብርክኩና በደረቱ እየተሳበ ወደ ወገን ጦር አቅጣጫ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከለንደን ሰው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚጀምረው ሰዎች ሲያገኙት ነው። በድርሰቱ ውስጥ የሚያገኙት ልጆች፣ የሚያነሡትም መንደራቸው በወራሪው ጦር ተቃጥሎ በጫካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። የሚበሉት አልነበራቸውም። አንዲት አሮጊት ግን ከወራሪው ዘረፋ የተረፈችውን ብቸኛ ዶሮአቸውን አርደው ለማያውቁት ወታደር መረቅ ያቀርባሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የመጽሐፉ ልብ ያለው በአየር ላይ በሚደረገው ውጊያ ሳይሆን በዚህች ዶሮ ላይ ነው። ሮቢንሰን ሁለት ሰው ሲገናኝ ጌታና አሽከር ፈጠረ፤ ቢል ጓደኛውን ጣለ፤ እኚህ ባልቴት የመጨረሻ ሀብታቸውን ሰጡ። መከራው አንድ ነው፤ ሰዎቹ የቆሙበት ግንኙነት ግን የተለያየ ነው።

በሆስፒታል ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣሉ። ሜሬስዬቭ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በደን ውስጥ ያልተሸነፈው ሰው በአልጋ ላይ ሊሸነፍ ይቃረባል። የሚያነሣው አብሮት የተኛ አንድ ለሞት የተቃረበ ኮሚሳር ነው። ኮሚሳሩ የስብከት መዓት አያወርድበትም፤ እግሩን ካጣ በኋላ በሰው ሠራሽ እግር ስለበረረ አንድ የአንደኛው ዓለም ጦርነት አብራሪ የሚያወሳ አሮጌ ጽሑፍ ያስነብበዋል። ለንደን ክብሪት፣ ዴፎ መጥረቢያ እንደሰጠ ሁሉ፣ እዚህ ደግሞ ወረቀት ላይ የሰፈረ የሌላ ሰው ልምድ መሣሪያ ሆነ። እውነተኛው ማሬስዬቭ በ1943 በሰው ሠራሽ እግሮች ወደ ተዋጊነቱ ተመልሶ በዚያው ዓመት ነሐሴ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተብሏል፤ ያረፈውም በ2001 ነው።

ሚዛናዊ ሒስ የመጽሐፉንም ጉድለት አይሸሽግም። በዘመኑ የሶሻሊስት እውነታዊነት ልማድ መሠረት ኮሚሳሩ እንከን የሌለበት ሰው ሆኖ ቀርቧል፤ እንደዚህ ያለ ሰው ከአንባቢው ይርቃል። ማሬስዬቭ የተዋጋላት ሶቪየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሳለች። የባልቴቷ ሥራ ግን ከመንግሥታት መፈራረቅ ጋር አይፈርስም፤ የትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ የሚታወቅ የሕዝብ ባሕርይ ነውና።

አራት ጥያቄዎች

ይህን ሁሉ ስንል የግለሰብን ጽናት ማሳነሳችን አይደለም። 18ቱን ቀን ሌላ ሰው አልዳኸለትም፤ 67ቱንም ክብሪት ሌላ ሰው አልቆጠረለትም። ተስፋ የቆረጠን ሰው ማንም ተሸክሞ አይዘልቀውም። ነገር ግን ጽናት ሰውን እስከ ባሕሩ ዳርቻ ያደርሰዋል፤ ከዳርቻው የሚያነሣው የሌላ ሰው እጅ ነው። ሁለቱን መነጣጠል፣ አንዱን አወድሶ ሌላውን መደበቅ፣ ሥነ ጽሑፍን በግማሹ ማንበብ ነው።

ስለዚህ የሰፈር ማኅበር አባላትም ሆኑ ሠራተኞች በንባብ ሰዓታቸው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥማቸው አራት ጥያቄዎችን ሊያቀርቡለት ይገባል። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይው በእጁ የያዘውን መሣሪያና በአእምሮው የያዘውን እውቀት ማን ሠራው? ሁለተኛ፣ ወደ መከራው የከተተው ምንድን ነው፤ ማዕበል ብቻ ነው ወይስ ባሪያ፣ ወርቅና ወረራ? ሦስተኛ፣ ከመከራው በማን እጅ ወጣ? አራተኛ፣ ከዳነ በኋላ ለማን ኖረ? ሮቢንሰን ለእርሻው፣ ሜሬስዬቭ ለጓዶቹ ኖሩ። የለንደን ሰው ደግሞ በፍራሹ ሥር ብስኩት እየደበቀ ቀረ፤ እርሱን የሚፈውሰው ብስኩት እንደማያልቅ የሚያረጋግጥ ኑሮ ብቻ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ከመጽሐፍ አልፈው ለኑሮም ያገለግላሉ። በሰፈራችን ሥራ ያጣ ወጣት ሲገጥመን ‹ለምን አልታገለም?› ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ መጥረቢያው በእጁ አለ ወይ፣ የሚያሳየው ሽማግሌስ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። በሩ ሳይከፈት የዋለ ጎረቤት ሲኖር በሩን እናንኳኳ። ቢል ዞር ብሎ አላየም፤ ታሪኩ በእርሱ ላይ የፈረደው በዚህ ብቻ ነው። ዞር ብሎ ማየት ወርቅም ክብሪትም አይጠይቅም።